አልታጠፍ ያለ ፔፕታይድ፦ ችግሩን ከምልክቱ ተነስቶ መፈለግ

በኮምፒውተር ላይ አምሮ የታጠፈ የፔፕታይድ (አጭር የአሚኖ አሲዶች ሰንሰለት) ንድፍ ውሃ ውስጥ ሲገባ እንደ ክር ተዘርግቶ ሲገኝ፣ ብዙዎች ወዲያው የአሚኖ አሲዶቹን ቅደም ተከተል መቀየር ይጀምራሉ። እኔ ከንድፉ በፊት ናሙናውን መጠርጠር ይሻላል ባይ ነኝ። ትንሽ ፔፕታይድ የሚያርፈው በጠባብ ጠርዝ ላይ ነው። በ2002 ይፋ የሆነው 20 አሚኖ አሲዶች ያሉት ትሪፕ-ኬጅ የተባለው ንድፍ ፔፕታይድ እንኳ፣ 42 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲደርስ ግማሹ ተፈትቶ ይገኛል።

ምልክት፦ የሰርኩላር ዳይክሮይዝም (መታጠፍን በብርሃን አመጣጠጥ የሚያሳይ ዘዴ) ልኬቱ የኩርባው ቅርጽ ትክክል ሆኖ መጠኑ አንሷል።
አብዛኛውን ጊዜ የተሳሳተው መጠነ ይዘቱ፣ ማለትም በመፍትሔው ውስጥ አለ ብለን ያሰብነው የፔፕታይድ መጠን ነው። ዱቄቱ ውሃና ከማጣራቱ ሂደት የተረፈ ትራይፍሎሮአሴቲክ አሲድ ስለሚይዝ በሚዛን ብቻ ማመን አይቻልም። በትሪፕቶፋን ወይም በታይሮሲን በኩል በ280 ናኖሜትር የብርሃን መምጠጡን ለኩ። ሁለቱም ከሌሉ፣ በሚቀጥለው ንድፍ ጫፉ ላይ አንድ ታይሮሲን ጨምሩ። አሲዱ ፒኤቹን ዝቅ ስለሚያደርግ እሱንም አረጋግጡ።

ምልክት፦ በ208 እና በ222 ናኖሜትር የሚጠበቁት የአልፋ ሄሊክስ (እንደ ጥምዝ የተጠቀለለ ቅርጽ) ሸለቆዎች የሉም፤ 198 አካባቢ ብቻ ጥልቅ ሸለቆ አለ።
ፔፕታይዱ አልታጠፈም። ጫፎቹን ተመልከቱ። ነጻው የአሚኖ ጫፍ አዎንታዊ የኤሌክትሪክ ሙላት ስላለው፣ እዚያው ጫፍ ላይ አዎንታዊ ከሆነው የሄሊክሱ ዋልታ ጋር ይጋጫል፤ በአሴቲል ሸፍኑት፣ ሌላውንም ጫፍ በአሚድ ዝጉት። በመካከል ግላይሲን ወይም ፕሮሊን ካለ በአላኒን ተኩት። ግሉታሜትና ላይሲንን በአራት እርምጃ ርቀት ብታስቀምጧቸው እርስ በርስ ይያያዛሉ። ሄሊክስን የሚያበረታታው ፈሳሽ ትራይፍሎሮኢታኖል ሲጨመር ሄሊክስ ቢታይ አትደሰቱ፤ ዝንባሌውን እንጂ በውሃ ውስጥ መታጠፉን አያሳይም።

ምልክት፦ ትኩስ እያለ የታጠፈው ቤታ ሄርፒን (እንደ ፀጉር መያዣ ታጥፎ የሚመለስ ሰንሰለት) ከሳምንታት በኋላ ደክሟል።
ይህን ችግር ለብቻው ቆም ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ለሄርፒን መዞሪያ ከምንመርጣቸው ጥንዶች አንዱ አስፓራጂን-ግላይሲን ነው፤ በደንብ ይዞራል። ችግሩ፣ በዲአሚዴሽን (አስፓራጂን የአሚድ ክፍሉን በሚያጣበት ለውጥ) ፈጥኖ የሚበላሸውም ይኸው ጥንድ መሆኑ ነው። የግላይሲን ጎን ባዶ ስለሆነ ቀጣዩ የናይትሮጅን አቶም ያለምንም ከልካይ አስፓራጂኑን ያጠቃል። ቀለበት ይሠራል፤ ቀለበቱ ሲከፈት በአብዛኛው የሚቀረው አይሶአስፓርቴት የተባለ የተዛባ አሚኖ አሲድ ነው። በዚህ ጊዜ ሰንሰለቱ አንድ ተጨማሪ ካርቦን አግኝቷል፣ መዞሪያውም ልኩን አጥቷል። ክብደቱ በ1 ዳልተን (በአንድ ሃይድሮጅን አቶም ያህል) ብቻ ስለሚጨምር በማስ ስፔክትሮሜትር ላይ በቀላሉ ያመልጣል፤ በክሮማቶግራፊ (ውህዶችን በሚለየው ዘዴ) ግራፍ ላይ ከዋናው ጉብታ አጠገብ አዲስ ጉብታ መኖሩን ፈልጉ። መፍትሄው ናሙናውን በደረቁና በቅዝቃዜ ማስቀመጥ፣ ገለልተኛና አልካሊ በሆነ መፍትሔ ውስጥ ማቆየትን ማስወገድ ነው። ለዘለቄታው መዞሪያውን በዲ-ፕሮሊን (የመስታወት ምስል የሆነው ፕሮሊን)-ግላይሲን ተኩት።

ምልክት፦ ፔፕታይዱ ከተጠበቀው በላይ ጽኑ ሆኗል።
እኔን ከሁሉም የሚያስፈራኝ ይህ ነው፤ ደስታ ጥርጣሬን ያስረሳልና። ፔፕታይዶቹ ተጣብቀው እርስ በርስ እየተደጋገፉ ሊሆን ይችላል። 100 ማይክሮሞላር የነበረውን ወደ 10 አቅጥናችሁ እንደገና ለኩ። ጽናቱ ከቀነሰ፣ መታጠፉ በመከማቸት የመጣ ነው፤ ወደ ውጭ የተጋለጡትን ውሃ ጠል ጎኖች ሙላት ባላቸው አሚኖ አሲዶች ተኩ።

ምልክት፦ የሙቀት መፈታት ኩርባው ሰፊና ዘንበል ያለ ነው።
ለትንሽ ፔፕታይድ ይህ ተፈጥሯዊ ነው። የላይኛውና የታችኛው መነሻ መስመር (ሙሉ የታጠፈበትና ሙሉ የተፈታበት ክፍል) ካልታየ የመፈቻ ሙቀቱን በግድ አትቁጠሩ። አቀዝቅዛችሁ መልሳችሁ ለኩና ሁለቱ ኩርባዎች መግጠማቸውን ተመልከቱ።