ትልቁን ስጦታ ሳናውቀው የምናሳንስባቸው ስህተቶች

ሰላም ለናንተ ይሁን የድሬ ልጆች፣ የሐረሮችም፣ ከዛ ውጪ ያላችሁም። በቤት ለቤት ህብረታችን ኤፌሶን ምዕራፍ 2ን እያጠናን ነው፣ ከዛ ወዲህ አንድ ነገር ሲከነክነኝ ሰነበተ። ድነት የእግዚአብሔር ትልቁ ስጦታ ነው ብለን ሁላችንም እንላለን፣ እንዘምረዋለንም፣ ግን የጸሎት ርዕሳችንን ላየ፣ የምንጨነቅበትን ነገር ለሰማ ሰው ትልቁ ስጦታችን ይሄ አይመስለውም። ማንም አልካደውም እኮ፣ እያመንነው ነው ቀስ እያለ ከእጃችን ላይ ዋጋ የሚያጣው። የሚያሳንሱብን ነገሮች ናቸው ብዬ የማስባቸውን አንድ በአንድ ልጻፍላችሁ፣ አንዳንዱ ላይ ረዘም ልል እችላለሁ ታገሱኝ።

ድነትን እንደ ደመወዝ ማሰብ

ዋናው ይሄ ነው፣ ሌሎቹ ብዙዎቹ ከዚህ ነው የሚወለዱት። ጾሜያለሁ፣ አስራቴን አላጎደልኩም፣ ኳየር ውስጥ ስንት አመት አገልግያለሁ፣ ስለዚህ እግዚአብሔር ይቀበለኛል። አፋችን እንዲህ አይልም፣ ልባችን ግን ይላል፣ የሚታወቀው ደግሞ ነገር ሲበላሽ ነው፣ ስራ ስናጣ ወይ ስንታመም "እንዲህ እያገለገልኩት እንዴት እኔ ላይ?" እንላለን፣ ለካ ውስጥ ውስጡን ሂሳብ ስንይዝ ነበር። ሮሜ 6፥23 ግን ሁለቱን ነገር ለይቶ ነው ያስቀመጠው፣ "የኃጢአት ደመወዝ ሞት ነውና፥ የእግዚአብሔር የጸጋ ስጦታ ግን በክርስቶስ ኢየሱስ በጌታችን የዘላለም ሕይወት ነው" ይላል።

ህብረታችን ውስጥ አንድ አባት አሉ፣ እድሜያቸውን ሙሉ ምድር ባቡር ሰርተው ጡረታ የወጡ፣ ከዚራ የሚባለው ሰፈር ነው ቤታቸው። ይሄ ጥቅስ ሲነበብ አንድ ወጣት "ጋሼ፣ ደመወዝም ስጦታም ያው እጅህ ነው የሚገባው፣ ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው?" ብሎ ጠየቃቸው። መነጽራቸውን አውልቀው የተከፈተው መጽሐፍ ቅዱስ ላይ አስቀመጡና "ልጄ፣ እኔ ደመወዝ የምቀበለው ፈርሜ ነው፣ ላቤ ነዋ። አምስት ብር ጎድሎ ካገኘሁት ተመልሼ ሄጄ እከራከራለሁ፣ መብቴ ነው። ጌታ ፊት ቆሜ ግን ምን ብዬ ልከራከር? የኔ ደመወዝማ እዚሁ ተጽፏል፣ አንብበው፣ ሞት ነው የሚለው" አሉት። ልጁም ዝም አለ እኛም ዝም አልን።

እኛ አካባቢ ደግሞ የስለት ነገር አብሮን ያደገ ነው፣ ታህሳስ 19 እና ሐምሌ 19 የቁልቢን መንገድ ያየ ያውቀዋል፣ ከየክፍለ ሀገሩ ከውጪ ሀገርም ሳይቀር ስንት ሰው ነው በእግሩም በመኪናም ዳገቱን የሚወጣው። የተደረገለትን ሳይረሳ ያን ሁሉ መንገድ መጥቶ የሚያመሰግን ሰው እኔ በበኩሌ አከብረዋለሁ፣ ብዙዎቻችን ጴንጤዎች በዛ ልክ አናመሰግንም፣ እውነት ለመናገር። ችግር የሚሆነው "ይሄን ካደረክልኝ ይሄን እሰጥሃለሁ" የሚለውን ለነፍሳችን ጉዳይም ስናመጣው ነው፣ እዛ ጋ የምንሰጠው የለንም። ሐዋርያት ስራ 8 ላይ ሲሞን የሚባለው ሰውዬ መንፈስ ቅዱስን የማሳደር ስልጣን ፈልጎ ገንዘብ ይዞ መጣ፣ ጴጥሮስ ምን አለው፣ "የእግዚአብሔርን ስጦታ በገንዘብ እንድታገኝ አስበሃልና ብርህ ከአንተ ጋር ይጥፋ"። ከባድ ንግግር ነው፣ ግን ስጦታን መግዛት መፈለግ ሰጪውን አለማወቅ ስለሆነ ነው እንዲህ የከበደው።

ታዲያ መልካም ስራ አያስፈልግም ወይ የሚል ሁሌ አለ። ያስፈልጋል እንጂ! ኤፌሶን 2፥8 እና 9ን ብቻ፣ በጸጋ ድናችኋል ከሥራ አይደለም የሚለውን፣ ሸምድደን 10ኛው ቁጥር ጋ ሳንደርስ ስለምናቆም ነው፣ እሱ ላይ "መልካሙን ሥራ ለማድረግ በክርስቶስ ኢየሱስ ተፈጠርን" ይላል። ስለዳንን እንሰራለን፣ ለመዳን ብለን አይደለም፣ ቅደም ተከተሉን ስናዞረው ነው ሁሉ የሚበላሸው።

የምስክርነት ቀን ላይ ድነትን መርሳት

የምስክርነት ፕሮግራም ሲኖር አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? ቪዛ የመጣለት፣ ኮንዶሚኒየም የደረሳት፣ ዱባይ ሄዶ እቃው በሰላም የገባለት፣ ልጅ የወለደች፣ ሁሉም ይመሰክራል፣ እልልታው ይቀልጣል፣ ደስ ይላል፣ ደግሞም እግዚአብሔር ያደረገው ነው፣ መመስገን አለበት። ነገር ግን አንድ ሰው ተነስቶ "ጌታ ኃጢአቴን ይቅር ስላለኝ ላመሰግን ነው" ቢል ጭብጨባው ቀዝቀዝ ይላል፣ አንዳንዱ እንደውም "እሺ፣ ከዛስ?" የሚል ፊት ያሳያል። አቦ ይሄ ያሳምማል! ሉቃስ 10 ላይ ሰባው ደቀ መዛሙርት አጋንንት ተገዙልን ብለው በደስታ ሲመለሱ ጌታ ራሱ ነው ያስተካከላቸው፣ "ስማችሁ ግን በሰማያት ስለ ተጻፈ ደስ ይበላችሁ" አላቸው። አጋንንት ማስወጣት ከቪዛ ይበልጣል መቼም፣ እሱን እንኳን ነው ሁለተኛ ያደረገው።

ቪዛውን የሰጠ ጌታ ቪዛውን ቢከለክልም አሁንም የሚያመሰግኑት ነገር ያላቸው ሰዎች ድነታቸውን ያልረሱት ናቸው። ስደት መንገድ ላይ ወንድሟን ያጣች እህት አውቃለሁ፣ ሰው ሁሉ ለማጽናናት መጥቶ እሷ ነበረች የምታጽናናው፣ እንዴት ሲሏት "ዋናውን አልወሰደብኝም" ነበር መልሷ።

"እሱን ድሮ ተምረነዋል" ማለት

ወንጌል የጀማሪ ትምህርት ነው ብሎ የሚያስብ ሰው በጣም ብዙ ነው። ጌታን ስንቀበል ተማርነው፣ ተጠመቅን፣ አለቀ፣ አሁን ወደ "ጥልቁ" እንሂድ። ጳውሎስ ግን ለማን ነው የጻፈው? የኤፌሶን ሰዎች እኮ ያመኑ ናቸው፣ ለነሱ ነው 2፥11 ላይ ቀድሞ ምን እንደነበራችሁ "አስቡ" ያለው። 1ኛ ቆሮንቶስ 15 ላይም የሰበክኩላችሁን ወንጌል አሳስባችኋለሁ ብሎ ክርስቶስ ስለ ኃጢአታችን ሞተ፣ ተቀበረ፣ በሦስተኛው ቀን ተነሳ እያለ ከሀ ጀምሮ ይነግራቸዋል፣ የሚያውቁትን ማለት ነው። ከመስቀሉ የሚጠልቅ ሌላ ጥልቅ ያለ አይመስለኝም። የገላትያ ሰዎችም የተያዙት በዚሁ ነው፣ በመንፈስ ጀምረው በስጋ ሊፈጽሙ።

በነጻ ስለሆነ ማርከስ

ይሄኛው የመጀመሪያው ተቃራኒ ነው። ጸጋ ነው፣ ይቅር ይለኛል፣ ስለዚህ ዛሬ ልኑርበት። ጳውሎስ ሮሜ 6 መግቢያ ላይ ጸጋ እንዲበዛ በኃጢአት ጸንተን እንኑር? ብሎ ጠይቆ ራሱ አይደለም ብሎ መልሶታል፣ ስለዚህ ጥያቄው ከኛ በፊትም የነበረ ነው።

እኛ ጋ የሚመስለኝ ችግር በነጻ የሚለውንና ዋጋ የሌለው የሚለውን መቀላቀላችን ነው። ለኛ በነጻ ነው፣ ለሰጪው ግን አይደለም። 1ኛ ጴጥሮስ 1 በብርና በወርቅ ሳይሆን በክቡር የክርስቶስ ደም ተዋጃችሁ ይላል። እስኪ ጌቴሴማኒን አስቡት፣ ላቡ እንደ ደም ነጠብጣብ ሲወርድ፣ ሦስት ጊዜ ያንኑ ጸሎት ሲጸልይ፣ ደቀ መዛሙርቱ በእንቅልፍ ሲያንቀላፉ፣ ከዛ በወዳጁ መሳም ሲያዝ። የማቴዎስን 26 እና 27 ቀስ ብላችሁ፣ ሳትቸኩሉ፣ በአንድ ቁጭታ አንብቡት፣ ከዛ በኋላ "በነጻ ስለሆነ" የሚለው ሀሳብ አፋችሁ ላይ ይከብዳችኋል። ቲቶ 2 ደግሞ ያው የሚያድነው ጸጋ ኃጢአትን መካድ እንደሚያስተምር ይናገራል፣ ስለዚህ ኃጢአት የሚያለማምደኝ ጸጋ ካለ እሱ ከሌላ ቦታ የመጣ ነው።

በስሜት መለካት

ኮንፈረንስ ላይ አለቀስኩ፣ ድኛለሁ። ሰኞ ላይ ሙቀቱ ጭንቅላቴን አዙሮት፣ መብራት ጠፍቶ፣ ከባጃጅ ሹፌር ጋር በሂሳብ ተጨቃጭቄ ቤት ስገባ ጸሎት አልመጣ አለኝ፣ ጌታ ትቶኛል። ዮሐንስ ግን የጻፍኩላችሁ የዘላለም ህይወት እንዳላችሁ ታውቁ ዘንድ ነው ይላል (1ኛ ዮሐንስ 5፥13)፣ እንዲሰማችሁ አላለም። ደስታው የለም ማለቴ አይደለም፣ ዳዊትም ጠፍቶበት የማዳንህን ደስታ ስጠኝ ብሎ ለምኗል፣ እናንተም ለምኑ። ብቻ ደስታው እስኪመጣ ቃሉ ላይ ቁሙ።

"እኔ አይገባኝም" ብሎ መራቅ

ይሄ ከውጪ ሲያዩት ትህትና ስለሚመስል ነው የሚያስፈራው። አንዲት እህት ነበረች፣ ታይዋን ገበያ የምትነግድ፣ የጌታ እራት በሚሰጥበት እሁድ ሁሉ ኋላ ወንበር ላይ ነው የምትቀመጠው። ትሪው ሲመጣ ጽዋዎቹን ሳትነካ ቶሎ ለጎረቤቷ ታቀብለውና አንገቷን ትደፋለች፣ እጇ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ትንንሾቹ ብርጭቆዎች ሲንቀጫቀጩ ይሰማ ነበር። አንድ ቀን ከፕሮግራም በኋላ ምነው አልኳት፣ "እኔን አታውቀኝም፣ እኔ ያደረግኩትን ብታውቅ እዚህ ቤት አታስገባኝም" አለችኝ። ምን እንዳደረገች አልጠየቅኳትም። አንድ እናታችን ግን አጠገባችን ነበሩና "እትዬ፣ የሚገባው ሰውማ ቢኖር ጌታ ባልሞተ ነበር" አሏት፣ በእድሜ በጣም ትንሻቸው ሆና እትዬ ብለው ነው የጠሯት፣ እሷም ሳታስበው ሳቅ አመለጣት፣ ከዛ ማልቀስ ጀመረች።

1ኛ ቆሮንቶስ 11ን እየፈራን ነው ብዙዎቻችን የምንርቀው፣ ሳይገባው የሚበላና የሚጠጣ ዕዳ አለበት የሚለው ማስጠንቀቂያ እውነት ነው፣ በቀልድ የሚቀረብበት ማዕድ አይደለም። ግን ቁጥር 28ን እስከመጨረሻው አንብቡት፣ ሰው ራሱን ይፈትን ካለ በኋላ ይብላ ይጠጣ ነው ያለው እንጂ ይራቅ አላለም። ንስሐ ግቡና ቅረቡ። ደግሞ በመስቀል ላይ የነበረውን ወንበዴ አስቡ፣ አልተጠመቀ፣ አስራት አልከፈለ፣ የሚያስተካክለው ጊዜ እንኳን አልነበረውም፣ "ዛሬ ከእኔ ጋር በገነት ትሆናለህ" ተባለ። ወንበዴው እየሞተ የተቀበለውን እኛ በጤናችን አይገባኝም ብለን የምንመልሰው ከሆነ፣ በኛ ኃጢአትና በክርስቶስ ደም መሀል የትኛው ይበልጣል ብለን ነው?

መዳንን መኩሪያ ማድረግ

ድሬ ላይ ኖሮ ይሄን ማድረግ ደግሞ የባሰ ያስተዛዝባል። ግቢያችን ውስጥ ሙስሊሙ፣ ኦርቶዶክሱ፣ ጴንጤው አንድ በር ነው የምንገባ የምንወጣው፣ ረመዳን ሲሆን ሳምቡሳው እኛ ቤት ይመጣል፣ የኛ በዓል ሲሆን ደግሞ ከኛ ቤት ይሄዳል፣ ቡና ላይ አብረን ነን። እዛ መሀል "እኛ የዳንነው" እያሉ ሰውን ከላይ ወደ ታች የሚያዩ አሉ። ኤፌሶን 2፥9 ግን "ማንም እንዳይመካ" ብሎ ዘግቶታል። በ1998 ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ከተማችንን ሲመታ ከ200 በላይ ሰው አልቋል፣ በዛ ሌሊት ሰው ስቦ ያወጣው ሰው ዛሬ ቆሞ "ዋና ስለምችል እኮ ነው" ቢል ማን ይሰማዋል? ያወጣውን ሰው ስም ነው የሚናገረው፣ ያልወጡትን ደግሞ ያለቅስላቸዋል። እምነታችሁን አትደብቁ፣ ተናገሩ፣ ግን ስባችሁ የምታወጡ እንጂ ዳር ቆማችሁ የምትፈርዱ አትሁኑ። ሉቃስ 18 ላይ ፈሪሳዊውም ቀራጩም ሁለቱም ጸለዩ፣ ጸድቆ ወደ ቤቱ የሄደው ደረቱን እየደቃ "አምላክ ሆይ፥ እኔን ኃጢአተኛውን ማረኝ" ያለው ቀራጩ ነው።

"እኔ ምስክርነት የለኝም" ማለት

ከአማኝ ቤተሰብ ተወልደው ሰንበት ትምህርት ቤት ያደጉ ልጆች ናቸው ይሄን የሚሉት፣ ከጫት ከመጠጥ ወጣሁ የሚለው ሰው ሲመሰክር እነሱ ያፍራሉ። አትፈሩ፣ ጢሞቴዎስም በእናቱና በአያቱ እምነት ያደገ ልጅ ነው፣ የሞተለት ግን ያው አንዱ ጌታ ነው። ሱስ ሳይነካህ በፊት መጠበቅህም ምህረት ነው፣ ከምን እንደተረፍክ ስላላየኸው ነው ያነሰብህ።

ሳያመሰግኑ መሄድ

ሉቃስ 17 ላይ አስር ለምጻሞች ነጹ፣ አንዱ ብቻ ተመለሰ፣ እሱም ሳምራዊ ነበር። "ዘጠኙስ ወዴት አሉ?" የሚለው ጥያቄ እስከዛሬ ያስጨንቀኛል፣ ምክንያቱም ዘጠኙ መጥፎ ሰዎች አይመስሉኝም፣ ወደ ቤተሰባቸው ቸኩለው ይሆናል፣ ስንት ጊዜ ተለይተው የኖሩ ናቸው። ቸኩሎ ነው ሰው ምስጋና የሚረሳው። ስለዚህ የጸሎታችሁን መጀመሪያ ለዚህ ስጡት፣ ከመለመናችሁ በፊት ስለ ድነታችሁ ብቻ አመስግኑ፣ ጮክ ብላችሁ፣ ከምን እንዳወጣችሁ ስሙን እየጠራችሁ።

እና ደግሞ ቤት ውስጥ። ልጆቻችሁ እናትና አባታቸው እንዴት ጌታን እንዳገኙ ያውቃሉ? የብዙዎቻችን ልጆች የት እንደተማርን፣ የት እንደሰራን፣ እንዴት እንደተጋባን ያውቃሉ፣ ይሄን ግን አልነገርናቸውም። ልዩ ፕሮግራም አያስፈልገውም፣ ዛሬ ራት ላይ ስልኩ ይቀመጥና ጀምሩት፣ የቱ ሰፈር እንደነበር፣ ማን እንደነገራችሁ፣ እናንተ ያኔ ምን አይነት ሰው እንደነበራችሁ ሳታሳምሩ ንገሯቸው፣ የቀረውን እነሱ ይጠይቋችኋል።