ስለ ባቡር መስመር የሕዝብ አስተያየት ሲሰበሰብ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ከከተማ ዳርቻ ወደ መሀል ሠራተኛ የሚያመላልስ ባቡር ሲታሰብ፣ “ሕዝቡ ምን ይላል?” መባሉ አይቀርም። መልሱ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ገና ሲጠየቅ ነው።

ባቡርን በደፈናው መጠየቅ

“አዲስ የባቡር መስመር ቢሠራ ይደግፋሉ?” ሲባል እምቢ የሚለው ጥቂት ነው። ባቡርን ማን ይጠላል? መላሹ በሐሳቡ የሚያየው ከደጁ የሚነሳ፣ ቶሎ ቶሎ የሚመጣ፣ ርካሽ ባቡር ነው። ስለዚህ ጥያቄው አራት ነገር ይያዝ፦ የቅርቡ ጣቢያ የት ነው፣ ባቡሩ በየስንት ደቂቃው ይመጣል፣ ትኬቱ ስንት ነው፣ የግንባታውን ወጪ ማን ይሸፍናል። “ጣቢያው ከቤትዎ በእግር 20 ደቂቃ ነው፤ ባቡሩ በየ30 ደቂቃው ይመጣል፤ ዋጋው አሁን ለአውቶቡስ ከሚከፍሉት በግማሽ ይበልጣል” ሲባል የሚያፈገፍግ ደጋፊ ይኖራል። እምነት የሚጣልበት ከዚያ በኋላ የቀረው ድጋፍ ነው።

ደጋፊን ከተሳፋሪ መደመር

ከደጋፊዎቹ መካከል ሌላው ሰው ተሳፍሮ መንገዱ እንዲለቀቅላቸው የሚመኙ ባለመኪኖች አሉ። “እሳፈራለሁ” ያለውም ሁሉ አይሳፈርም፤ ሰው ስለ ነገ ሲጠየቅ ለጋስ ነው። ይልቅ ያለፈውን የሥራ ቀን ያስቆጥሩት፦ በስንት ሰዓት ከቤት ወጣ፣ በምን ሄደ፣ ስንት ጊዜ ወርዶ ሌላ ያዘ፣ መቼ ደረሰ፣ ስንት ከፈለ። የባቡሩን ጉዞ ከቤት ደጃፍ እስከ ሥራ ቦታ በር ማስላት ደግሞ የአጥኚው ድርሻ ነው። እስከ ጣቢያው 15 ደቂቃ በእግር፣ 10 ደቂቃ መጠበቅ፣ 30 ደቂቃ በባቡር፣ ከመውረጃው እስከ ሥራ 20 ደቂቃ ቢሆን ድምሩ 75 ነው። ዛሬ በ60 ደቂቃ የሚደርስ ሰው፣ ባቡሩ በዋጋ ወይም በሰዓት አክባሪነት ካልካሰው በቀር፣ “አዎ” ስላለ ብቻ ከተሳፋሪ አይቆጠርም። በዚህ ምሳሌ ከባቡሩ ውጭ ያለው ጊዜ 45 ደቂቃ መሆኑን ልብ ይሏል፤ ፍጥነት ላይ ብቻ የሚያተኩሩ መጠይቆች ይህን ይዘሉታል።

የመጣውን ሰው ብቻ መስማት

በሥራ ሰዓት በሚጠራ ስብሰባ ላይ የማይገኘው ባቡሩ የታሰበለት ሠራተኛ ራሱ ነው። የሚመጣው ሐዲዱ በአጥሩ ሥር የሚያልፍበት ነዋሪ ነው። ቅሬታውን ለማወቅ ስብሰባ ጥሩ ነው፤ መቶኛ ግን አይወጣበትም። የመላሽ መብዛትም ይህን አያቃናም። እ.ኤ.አ. በ1936 አንድ የአሜሪካ መጽሔት ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ሰብስቦ ተፎካካሪው ላንደን ፕሬዚዳንት ይሆናል ቢልም፣ በሥልጣን ላይ የነበረው ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በሰፊ ልዩነት አሸንፏል። ከቤቶች ዝርዝር በዕጣ መርጦ፣ ያልተገኘውን በምሽትና በዕረፍት ቀን ተመልሶ መፈለግ ይሻላል።

ትንሽ ናሙናን መሸንሸን

በዕጣ የተመረጡ 400 ሰዎች መልስ ከጠቅላላው ሕዝብ አስተያየት ወደ 5 የመቶኛ ነጥብ ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል። ያንኑ ናሙና ለስምንት ጣቢያዎች ሲያካፍሉት ለእያንዳንዱ 50 ሰው ይደርሳል፤ ልዩነቱም ወደ 14 ነጥብ ያድጋል። እንዲህ ባለ ናሙና “አራተኛው ጣቢያ 58፣ አምስተኛው 49 በመቶ ደገፉ” ብሎ ጣቢያ መሰረዝ ቁማር ነው። በየጣቢያው ማወዳደር ከታሰበ ናሙናው ከመጀመሪያው በዚያ ልክ ይሰላ።

ጥያቄ አደራደር

ስለ መንገድ መጨናነቅ አምስት ጥያቄ አስቀድሞ በስድስተኛው ስለ ባቡሩ መጠየቅ መልሱን ማጉረስ ነው። የድጋፉ ጥያቄ ይቅደም። “ገና አልወሰንኩም” የሚል አማራጭም ይኑር፤ ወደ ደጋፊም ወደ ተቃዋሚም አይደባለቅ።

“አብዛኛው ደግፏል” ብሎ መርካት

ውሳኔው ስንት ድምፅ ይጠይቃል? በካሊፎርኒያ፣ በሶኖማና ማሪን አውራጃዎች (ካውንቲዎች)፣ ለባቡር የሚውል የሽያጭ ታክስ እ.ኤ.አ. በ2006 ለድምፅ ቀርቦ 65 በመቶ ገደማ ቢያገኝም ወደቀ፤ የሚፈለገው ሁለት ሦስተኛ ነበር። በ2008 ዳግም ቀርቦ አለፈ፤ ባቡሩ መንገደኛ ማጓጓዝ የጀመረው በ2017 ነው።

ተቃዋሚን በአንድ ሳጥን መክተት

“አልደግፍም” ካለ በኋላ “ለምን?” መባል አለበት፤ መልሱም በራሱ ቃል ይጻፍ። የባቡሩን ድምፅ የፈራ፣ መሬቱ እንዳይወሰድ የሰጋ፣ ታክሱን የጠላና መሻገሪያ የሚዘጋበት ሰው አንድ አይደሉም። ለመሻገሪያው ድልድይ ወይም የምድር ውስጥ መተላለፊያ መሥራት ይቻላል፣ ለድምፁም የድምፅ መከላከያ ግድግዳ፤ ታክስ የጠላውን ግን የንድፍ ለውጥ አያሳምነውም።

አንዴ ጠይቆ ማቆም

ግንባታ ሲጀመር መንገድ ይዘጋል፣ አቧራ ይነሳል፣ የሰውም ስሜት ይቀየራል። ዳግም ሲጠየቅ ዋናዎቹ ጥያቄዎች በቃልም በቅደም ተከተልም እንዳሉ ይቆዩ፤ አዲስ ጥያቄ ካለ መጨረሻ ላይ ይግባ። አለበለዚያ የተለወጠው አስተያየቱ ይሁን መጠይቁ መለየት አይቻልም።