ፒር መብሰሉን በአንገቱ ነው የምታውቁት

ሲያትል ውስጥ በአንድ ሱፐርማርኬት የፍራፍሬ ክፍል ነው የምሠራው። ነሐሴ ሲገባ እዚሁ ዋሽንግተን የተለቀመው ባርትሌት ፒር ይገባልናል። ወቅቱ ከፍልሰታ ጋር ስለሚገጥም የጾም ሸመታ የያዙ ያገሬ ሰዎችም ብቅ ይላሉ። አንዱን ያነሱና ሆዱን ጨመቅ አድርገው፣ "ውይ፣ ድንጋይ ነው!" ብለው ይመልሱታል።

እባካችሁ ሆዱን ተዉት። የጣታችሁ ምልክት በኋላ ይጠቁራል፣ ስለ መብሰሉም የሚነግራችሁ ነገር የለም።

ፒር ጠንክሮ እያለ ነው የሚለቀመው። እንደ አቮካዶ፣ የሚለሰልሰው ከዛፉ ከወረደ በኋላ ነው። ዛፍ ላይ ከቆየ መብሰል የሚጀምረው ከመሃሉ ነው፤ ውጪው ደህና መስሎ ውስጡ ይላሽቃል፣ ይቦካል። ስለዚህ እኔ ለቤቴ የምመርጠው ያንን "ድንጋይ" ነው።

ቤት ስትገቡ ፍሪጅ ውስጥ አትክተቱት። ሳትከምሩ፣ ጸሐይ የማያገኘው ቦታ አስቀምጡት። ከዚያ በየቀኑ ዘንጉ ሥር ያለውን አንገቱን በአውራ ጣት ቀስ ብላችሁ ጫን በሉት። እሺ ካለ በስሏል፤ ያን ቀን ብሉት። ለነገ ከፈለጋችሁት አሁን ነው ፍሪጅ የሚገባው። ሆዱ እስኪለሰልስ ከጠበቃችሁ አልፎበታል።

ቀለሙን ብዙ አትመኑ። ባርትሌት ሲበስል ቢጫ ይሆናል፤ አረንጓዴው አንጁ የሚባለው የፒር ዓይነት ግን በስሎም ያው አረንጓዴ ነው። ቦስክ የሚባለው ዓይነትም ቡናማነቱን አይለቅም።

እንግዳ ካለባችሁና ከቸኮላችሁ ከበሰለ ሙዝ ጋር የወረቀት ከረጢት ውስጥ አድርጉት። ከሙዙ የሚወጣው ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ያፋጥነዋል። ፌስታል አይሆንም፣ ያልበዋል።

በተከራያችሁት ቤት ጓሮ የፒር ዛፍ ካለ ደግሞ አለቃቀሙ ቀላል ነው። ፍሬውን ይዛችሁ ወደ ላይ አጋድሙት። ዘንጉ ከቅርንጫፉ በቀላሉ ከተላቀቀ ደርሷል። እምቢ ካለ አትታገሉት፣ ከጥቂት ቀን በኋላ ተመለሱ። የለቀማችሁትን ባርትሌት መጀመሪያ ጥቂት ቀን ፍሪጅ ውስጥ አቆዩትና አውጡት፤ አንጁና ኮሚስ የሚባለው ሌላው ዓይነት ግን ሳምንታት ብርድ ይፈልጋሉ። ያለዚያ እንደ ደረቁ ይቀራሉ። ሱቅ የምትገዙት ይህን የብርድ ጊዜ ጨርሶ ነው የሚመጣው።

ዛፉ አብቦ ፍሬ ካልያዘ፣ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ብቸኝነት ነው፤ በአቅራቢያው በዚያው ጊዜ የሚያብብ ሌላ ዓይነት ፒር መኖር አለበት። አርጅቷል ብላችሁ ግን ለመቁረጥ አትቸኩሉ። ማሳቹሴትስ፣ ዳንቨርስ ከተማ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተተከለ የፒር ዛፍ አለ፣ ዛሬም ያፈራል።

ለምግብ ማብሰያ ከሆነ ቦስክን ውሰዱ፣ እሳት ላይ አይፈርስም። ለስልሶ ያለፈባችሁን ደግሞ ውስጡ ካልጠቆረ ከሎሚ ጋር በብሌንደር ምቱት። ስኳር አትጨምሩበት።