ያገለገለ ጎልፍ ጂቲአይ ሲገዙ፦ መጀመሪያ ሞተሩን ይለዩ

አምስተኛውና ስድስተኛው ትውልድ የፎልክስዋገን ጎልፍ ጂቲአይ በአሜሪካም በአውሮፓም ገበያ ላይ በብዛት ይገኛሉ። ሁለቱም ባለ 2.0 ሊትር ቱርቦ ናቸው፤ የአንዱ ኃይል ከሌላው ብዙም አይርቅም፣ 200 ወይም 210 የፈረስ ጉልበት ነው። ኮፈኑ ሥር ያለው ሞተር ግን አንድ አይደለም። ሞተር የሚያስወርደው ችግርም እንደ ሞተሩ ይለያያል። ስለዚህ ስለ ኪሎሜትርና ስለ ቀለም ከመነጋገር በፊት የትኛው ሞተር እንደሆነ መታወቅ አለበት።

ቺንጋ ወይስ ካቴና?

አምስተኛው ትውልድ በ2004 ሲወጣ ይዞት የመጣው ኢኤ113 የሚባለው ሞተር ነው። ካምሻፍቱ፣ ማለትም ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ፣ የሚዞረው በጥርሳማ ቺንጋ ነው። ስድስተኛው ትውልድ ጂቲአይ ከ2009 ጀምሮ የያዘው ኢኤ888 ነው፤ የእሱ ካምሻፍት የሚዞረው በካቴና ነው። ዓመቱን ብቻ አይቶ መፍረድ ግን ያሳስታል። በአሜሪካ የተሸጡ የመጨረሻዎቹ የአምስተኛው ትውልድ መኪኖች ካቴና አላቸው። በተቃራኒው ስድስተኛው ትውልድ ጎልፍ አርና ኢዲሽን 35 የሚባለው ጂቲአይ በአሮጌው ባለ ቺንጋ ሞተር የተሠሩ ናቸው።

በዓይን ለመለየት የዘይት ማጣሪያውን ይፈልጉ። ኮፈኑ ሲከፈት ከሞተሩ ፊት ለፊት ከላይ የሚታይ፣ በእጅ የሚደረስበት ከሆነ ካቴና ያለው ነው። ማጣሪያው የሚፈታው ከሥር ከሆነ ቺንጋ ያለው ነው። ማረጋገጫው የሞተር ኮዱ ነው፤ በአገልግሎት መጽሐፉና በሻንጣ ማስቀመጫው ወለል ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ ተጽፏል።

ባለ ቺንጋው ሞተር

ትልቁ ጉዳይ ፎሎወር የምትባለው ትንሽ የብረት ቆብ ናት። የከፍተኛ ግፊት ቤንዚን ፓምፑ በካምሻፍቱ ጫፍ ላይ ይቀመጣል፤ ካምሻፍቱ ሲዞር ፓምፑን የሚገፋው በዚህች ቆብ በኩል ነው። ፊቷ ላይ ያለው ጥቁር ሽፋን ሲያልቅ ብረት ከብረት መፋቅ ይጀምራል። ከዚያ ቆቧ ትቦደሳለች፣ የፓምፑ ዘንግ ካምሻፍቱን ይበላል፣ የብረቱ ብናኝም ወደ ዘይቱ ይገባል። በጊዜ ከተቀየረች ወጪዋ ትንሽ ነው። ከዘገየ ግን ካምሻፍትና ፓምፕ አብረው ይጨመራሉ።

ሻጩን «ፎሎወሩ መቼ ታየ?» ብለው ይጠይቁ። ጥያቄው ግራ ካጋባው አልታየም ማለት ነው። ምርመራው ቀላል ነው። ሞተሩ ሌሊቱን ሙሉ ቀዝቅዞ የቤንዚኑ ግፊት ከወረደ በኋላ ፓምፑን የያዙት 3 ብሎኖች ይፈታሉ፣ ቆቧም ትወጣለች። ሙሉ በሙሉ ጥቁር ከሆነች ደህና ናት። መሃሏ ላይ የሚያብረቀርቅ ክብ ከታየ ትቀየር። ጎድጉዳ ወይም ተበስታ ከተገኘች ካምሻፍቱ ሳይታይ ዋጋ አይቁረጡ። ከተገዛም በኋላ በየ15,000 ኪ.ሜ. መታየት አለባት። ኮምፒውተሩ ላይ ፒ0087፣ ማለትም የቤንዚን ግፊት ማነስ፣ ከወጣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሷ ናት።

ቺንጋው ራሱ ከተበጠሰ ፒስተኖቹ ቫልቮቹን ይመታሉ። በእነዚህ መኪኖች ዕድሜ ርቀቱ ብቻ ሳይሆን ዓመቱም ይቆጠራል። ቺንጋው፣ መወጠሪያው፣ ሮለሮቹና የውሃ ፓምፑ አብረው ስለመቀየራቸው ደረሰኝ ከሌለ «ተቀይሯል» የሚለውን ቃል አይመኑ፤ ወጪውን ከዋጋው ላይ ይቀንሱ። ሌላው የተለመደ ብልሽት ቱርቦው ላይ ያለው ዳይቨርተር ቫልቭ፣ ማለትም ቤንዚን ሲለቀቅ የቱርቦውን ትርፍ አየር የሚመልሰው ቫልቭ፣ ነው። የቀድሞው ዓይነት ውስጡ ያለው ስስ ጎማ ይቀደድና ጉልበት ይጠፋል፤ ኮዱ ፒ0299 ነው። ይህ በቀላሉ የሚቀየር ስለሆነ መኪናውን ለመተው ምክንያት አይሆንም።

ባለ ካቴናው ሞተር

ካቴናው ራሱ ጠንካራ ነው፤ ደካማው መወጠሪያው ነው። መወጠሪያው የሚሠራው በዘይት ግፊት ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ግፊቱ ሲወርድ እንዳይመለስ የሚይዘው ጥርሳማ መቆለፊያ አለው። በመጀመሪያዎቹ ዓይነቶች ይህ መቆለፊያ ይለቅቃል። ያን ጊዜ ካቴናው ይላላል፣ ሞተሩ ሲነሣ ጥርስ ይዘላል፣ ቫልቮቹም ይታጠፋሉ። አንዳንዱ ምንም ድምፅ ሳያሰማ ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ ሻጩ «እስካሁን ችግር የለበትም» ማለቱ ዋስትና አይሆንም።

ቀዝቃዛ ሞተር ማስነሣት የግድ ነው። ከመሄድዎ በፊት ሻጩን እንዳያስነሣው ይንገሩት፤ ሲደርሱ ኮፈኑን በእጅዎ ይንኩ፣ ሞቆ ከሆነ ቀጠሮውን ለሌላ ቀን ያዙሩ። ሲነሣ ኮፈኑ ተከፍቶ አጠገቡ ቆመው ያዳምጡ። በመጀመሪያዎቹ 1 እስከ 3 ሰከንዶች ከካቴናው በኩል የብረት መንቀጫቀጭ ከተሰማ መወጠሪያው ወይም ካቴናው አልቋል። ከተነሣ በኋላ የሚቀጥለው ለስለስ ያለ ቲክ ቲክ ግን የቤንዚን መርጫዎቹ ድምፅ ነው፤ በሁለቱም ሞተሮች የተለመደ ነው።

ድምፅ ባይኖርም መወጠሪያውን በዓይን ማየት ይቻላል። በካቴናው የታችኛው ክዳን ላይ ያለው ትንሽ ውታፍ ሲወጣ በትንሽ መስታወት ወይም በካሜራ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ይታያል። ደረሰኝ ካለ የተሻሻለው ክፍል ቁጥር 06ኬ 109 467 ኬ ነው። ጋራዡ ትክክለኛው መመርመሪያ ካለው በመኪናው ኮምፒውተር ውስጥ ያለውን የመለኪያ ብሎክ (የመረጃ ዝርዝር) 93ን ያንብብ፤ የካምሻፍቱ አቀማመጥ ከዜሮ እየራቀ በሄደ ቁጥር ካቴናው ተለጥጧል ማለት ነው። አሮጌው መወጠሪያ ያለበትን መኪና መግዛት የሚያዋጣው ካቴናውን፣ ካቴናውን መስመሩ ላይ የሚይዙትን መሪዎችና መወጠሪያውን ወዲያው ለማስቀየር ገንዘብ ከተያዘ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ዘይት መብላት ነው። የፒስተኖቹ የዘይት ፋሻዎች (ቀለበቶች) ቀጭን ናቸው፤ የዘይት መመለሻ ቀዳዳዎቹም ጠባብ ስለሆኑ በካርቦን ይደፈናሉ። አምራቹ በ1,000 ኪ.ሜ. እስከ 0.5 ሊትር መብላትን እንደ ደህና ይቆጥረዋል፤ ለገዢ ግን ይህ ብዙ ነው። 20 ደቂቃ ከነዱ በኋላ ለ5 ደቂቃ ቆሞ እንዲሠራ ይተዉት፣ ከዚያ ቤንዚን ሲሰጡት ሌላ ሰው ማርሚታውን ይመልከት። ሰማያዊ ጭስ ካለ ይተዉት። ፋሻ መቀየር ሞተር ማውረድ ነው።

የዘይት ክዳኑን ሞተሩ እየሠራ ይክፈቱ። አልላቀቅ ብሎ በኃይል ወደ ውስጥ ከሳበ ወይም አብሮት የነበረ ፉጨት ከጠፋ የፒሲቪ ቫልቩ፣ ማለትም የሞተሩን ውስጥ ጋዝ የሚያስተነፍሰው፣ ተቀዷል። እሱ ርካሽ ነው፤ በዚያ ሰበብ የኋላው የኮሎ (የክራንክሻፍት) ዘይት ማኅተም ከተበላሸ ግን ካምቢዮው መውረድ አለበት። በመብራት ደግሞ ከአየር ማስገቢያው ሥር ያለውን የውሃ ፓምፕ ይዩ። ሮዝ ወይም ሐምራዊ የደረቀ እድፍ ካለ የፕላስቲኩ ቤት እያፈሰሰ ነው።

ለሁለቱም

ቤንዚኑ በቀጥታ ወደ ሲሊንደር ስለሚረጭ የመግቢያ ቫልቮቹን የሚያጥብ ነገር የለም፤ ካርቦን ይከመርባቸዋል። በቅዝቃዜ መንቀጥቀጥና ፒ0300፣ ማለትም ቤንዚኑ በትክክል አለመቃጠሉን የሚናገረው ኮድ፣ ምልክቶቹ ናቸው። ማጽጃው በአየር ግፊት የሚረጭ የተፈጨ የዋልነት ቅርፊት ነው፤ ቤንዚን ውስጥ የሚጨመር ፈሳሽ እዚያ አይደርስም።

ርካሽ የኮድ ማንበቢያ ይዘው ይሂዱ። ኮድ ከሌለ አይደሰቱ፤ የሬዲነስ ፍተሻዎቹን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ራሱ የሚያደርጋቸውን ምርመራዎች፣ ይዩ። «አልተጠናቀቀም» የሚሉ ከበዙ ኮዱ በቅርቡ ተሰርዟል ወይም ባትሪው ተነቅሏል። ከዚያ የኮምፕሬሽን (የየሲሊንደሩ ግፊት) ምርመራ ያስደርጉ፤ በሲሊንደሮቹ መካከል ከ3 ባር በላይ ልዩነት ካለ ሞተሩ ደህና አይደለም። ባለ 6 ማርሹ ዲኤስጂ (ባለ ሁለት ፍሪሲዮን አውቶማቲክ) ካምቢዮ ከሆነ ዘይቱና ማጣሪያው በየ60,000 ኪ.ሜ. መቀየሩን የሚያሳይ ደረሰኝ ይጠይቁ።

የዘይት ደረሰኞቹ ከሁሉም በላይ ይናገራሉ። በአውሮፓ የተለመደው እስከ 30,000 ኪ.ሜ. የሚዘልቅ የዘይት ጊዜ ለእነዚህ ሞተሮች ረጅም ነው። መኪናውን ከገዙ በኋላ የፎልክስዋገንን 502.00 ወይም 504.00 የዘይት መለኪያ የሚያሟላ 4.6 ሊትር ያህል ዘይት ከነማጣሪያው ያስቀይሩ፤ ቀጣዩን ከ8,000 እስከ 10,000 ኪ.ሜ. ባለው ውስጥ ያድርጉ። ካቴና ያለውን ማኑዋል መኪና ዳገት ላይ ሲያቆሙ መጀመሪያ የእጅ ፍሬኑን ይሳቡ፣ ማርሹን ከዚያ ያስገቡ። ክብደቱ ማርሹ ላይ ካረፈ ሞተሩን ወደ ኋላ ሊያዞረው ይችላል፤ አሮጌው መወጠሪያ የሚለቅቀውም አብዛኛውን ጊዜ ያኔ ነው።