የቲቢ ፋጅ ምርመራ፦ ኔጌቲቭ ኮንትሮሉ ላይ ፕላክ ሲወጣ

ዲ29 ፋጅ (ባክቴሪያን የሚያጠቃ ቫይረስ) በአክታው ውስጥ በሕይወት ያለ የቲቢ ባክቴሪያ ካገኘ ይገባበታል። ውጭ የቀረውን ፋጅ መግደያው፣ ፌረስ አሞኒየም ሰልፌት (የብረት ጨው)፣ ይገድለዋል። ስለዚህ በስሜግማቲስ (ቶሎ የሚያድግ የቲቢ ዘመድ ባክቴሪያ) ንጣፍ ላይ ፕላክ፣ ማለትም ባክቴሪያው የሞተበት ጥርት ያለ ነጥብ፣ ማውጣት ያለበት ባክቴሪያው ውስጥ የተረፈው ብቻ ነው።

ችግር፦ ኔጌቲቭ ኮንትሮሉ (አክታ የሌለበት ማነጻጸሪያ ቱቦ) ፕላክ አወጣ።

የውጭው ፋጅ አልሞተም ማለት ነው። አንዱ ቱቦ ብቻ ከሆነ ክዳኑን ጠርጥሩ፤ ሁሉም ከሆኑ መግደያውን።

በብዛት የሚያጋጥመው የክዳኑ ነው። ፋጁ ሲጨመር የተረጨች ጠብታ ክዳኑ ሥር ተለጥፋ ትቀራለች። መግደያው ከታች ያለውን ሲጨርስ እሷን አያገኛትም። በኋላ 5 ሚሊ ሊትር ሚዲያ ገብቶ መግደያው ሲቀጥን ታጥባ ትወርዳለች። ፋጁ በሚሊ ሊትር 10 ሚሊዮን ከሆነ አንድ ማይክሮ ሊትር ብቻ 10 ሺህ ይይዛል፤ ንጣፉን ሙልጭ ያደርገዋል።

መፍትሄ፦ መግደያውን እንደጨመራችሁ ክዳኑን አጥብቁ፣ ቱቦውን አጋድማችሁ ቀስ ብላችሁ አሽከርክሩ፣ ገልብጡ፤ የክዳኑ ጥርስ ሳይቀር ይርጠብ። 5 ደቂቃው የሚቆጠረው ከዚያ በኋላ ነው። ሥራው ሁሉ ባዮሴፍቲ ካቢኔት ውስጥ ይሁን። ክዳኑ የሚያፈስ ርካሽ ቱቦ ለቲቢ ናሙና ፈጽሞ አይሆንም፤ ጣሉት!

መግደያው ደግሞ በየቀኑ አዲስ ይበጥበጥ፦ ለ100 ሚሊ ሞላር 0.392 ግራም (ሄክሳሃይድሬቱ) በ10 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ውሃ። ፈዛዛ አረንጓዴ መሆን አለበት። ቢጫ ወይም የዝገት መልክ ከያዘ ኦክሲዳይዝ ሆኗል፣ ይደፋ። በፎስፌት በፈር አትበጥብጡት፣ ይዘቅጣል። ኦቶክሌቭ አታድርጉት፣ በፊልተር አሳልፉት።

ኮንትሮሉ ፕላክ ካወጣ የዚያ ዙር ውጤት በሙሉ ይጣላል። «ሁለት ሦስት ብቻ ነው» ብሎ ከታካሚው ቁጥር ላይ መቀነስ የለም፤ ቲቢ የሌለበት ሰው የ6 ወር መድኃኒት ሊጀመርለት ይችላል።

ችግር፦ ፖዘቲቭ ኮንትሮሉም (ሕያው ባክቴሪያ ያለበት ማነጻጸሪያ) ፕላክ አላወጣም።

ካልሲየም ተረስቷል (1 ሚሊ ሞላር ካልሲየም ክሎራይድ)፣ ወይም ባክቴሪያው ያደገበት ሚዲያ ውስጥ ያለው ትዊን 80 (ሳሙና መሰል ኬሚካል) አልታጠበም። ትዊን ካለ ፋጁ ባክቴሪያው ላይ አይጣበቅም።

ችግር፦ ኮንትሮሎቹ ደህና ናቸው፣ የታካሚዎቹ ግን ሁሉም ባዶ።

አክታው በናልክ (አክታን አቅጥኖ በሚያጸዳ ውህድ) የጸዳ ከሆነ ከውህዱ የቀረው ሲትሬት ፋጁ የሚፈልገውን ካልሲየም ይዞታል። ዝቃጩን በሚዲያ ደግማችሁ እጠቡ፣ ሴንትሪፉጅ አድርጉ፣ ፒኤቹን ለኩ።

ንጣፉ ራሱ ካልበቀለ አጋሩ (ባክቴሪያው የሚበቅልበት ጄል) ከልክ በላይ ትኩስ እያለ ፈስሷል።