በአንድ የደህንነት ሰርተፊኬት ብዙ ዶሜይኖችን እንዴት መጠበቅ ይቻላል?

ባሕር ዳር ላይ የእንግዳ ማረፊያ ያለው ሰው ብዙ ጊዜ በአንድ ዶሜይን (የድረ-ገጽ ስም) አይወሰንም። ለማረፊያው አንድ፣ እንግዳ ወደ ዘጌ ገዳማት ለሚያደርሰው ጀልባ ሌላ፣ ለጢስ ዓባይ ጉብኝት ደግሞ ሦስተኛ ይከፍታል። ሦስቱም ያሉት አንድ ሰርቨር (ድረ-ገጾች የሚቀመጡበት ኮምፒውተር) ላይ ነው። የማረፊያው ገጽ በደህና ይከፈታል። የጀልባውን ሲነኩት ግን ግንኙነቱ አስተማማኝ እንዳልሆነ የሚናገር ማስጠንቀቂያ ስልኩን ይሞላዋል። ለጥምቀት ሊመጣ ያሰበ እንግዳ እዚያ ገጽ ላይ የፓስፖርት ቁጥሩን አይጽፍም፤ መጻፍም የለበትም።

የደህንነት ሰርተፊኬት ገጹ የእውነት የዚያ ስም መሆኑን ለብሮውዘር የሚያረጋግጥና ግንኙነቱን ለመመስጠር የሚያገለግል ፋይል ነው። የሚያገለግለውም በውስጡ ለተጻፉት ስሞች ብቻ ነው። ብሮውዘሩ የሚያመሳክረው ስሙን ነው፤ ሰርቨሩ አንድ ቢሆንም ባይሆንም አይመለከተውም። ደግነቱ አንድ ሰርተፊኬት ብዙ ስም መያዝ ይችላል።

መጀመሪያ ስሞቹን ዘርዝሩ

ያሏችሁን ዶሜይኖች በሙሉ ወረቀት ላይ አስፍሩ። ሦስቱ ደብሊው ያለበትና የሌለበት አድራሻ ለሰርተፊኬቱ ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው። ብዙ ሰው የሚረሳው ይህንን ነው። ለቦታ ማስያዣ፣ ለኢሜይል ወይም ለአስተዳዳሪ የተከፈቱ ንዑስ ዶሜይኖችም (ከዋናው ስም ፊት ቃል የሚጨመርባቸው አድራሻዎች) ካሉ ይጻፉ።

ዝርዝሩን ስታዩ የትኛው ዓይነት እንደሚበጃችሁ ይገለጣል። የተለያዩ ዶሜይኖች ካሏችሁ ባለ ብዙ ስም ሰርተፊኬት ነው የሚያስፈልጋችሁ። አንድ ዶሜይን ኖሮ ሥሩ ብዙ ንዑስ ዶሜይን ካለ ግን በኮከብ ምልክት የሚጻፈው፣ ‹ዋይልድካርድ› የሚባለው ይሻላል። ኮከቡ የሚሸፍነው ከዋናው ስም ፊት ያለውን አንድ ደረጃ ብቻ ነው። ዋናውን ስም ራሱን አይሸፍንም፤ እሱን ለብቻው መጨመር አለባችሁ።

የማን ስም ከማን ጋር ይሁን?

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ጣጣው የሚመጣው ከዚህ ነውና።

ደብረ ማርቆስ ላይ ሆኖ ለደንበኞች ድረ-ገጽ የሚሠራ ባለሙያን አስቡ። የቢቸና ጤፍ ነጋዴ፣ አንድ ፋርማሲና አንድ የግል ትምህርት ቤት ደንበኞቹ ናቸው። ሰርተፊኬት በነጻ የሚሰጠው ‹ሌትስ ኢንክሪፕት› የሚባለው ድርጅት በአንድ ሰርተፊኬት እስከ 100 ስም ይፈቅዳል። ታዲያ ሁሉንም አንድ ላይ ቢያደርጋቸው ምን አለበት?

አለበት። ሰርተፊኬቱን የከፈተ ሰው ሁሉ የስሞቹን ዝርዝር ያነባል። ዝርዝሩ ማንም ሊፈትሸው በሚችል የሕዝብ መዝገብም ይገባል። ስለዚህ የባለሙያው ደንበኞች እነማን እንደሆኑ አደባባይ ወጣ ማለት ነው። ሰርቨሩ ላይ የሚቀመጠው የሰርተፊኬቱ የሚስጥር ቁልፍም አንድ ነው፤ እሱ ከተሰረቀ የሁሉም ገጽ ይጋለጣል። ከሁሉ የሚብሰው ግን እድሳቱ ነው። ሰርተፊኬት ጊዜው ከማለፉ በፊት መታደስ አለበት፤ ሲታደስም ሰጪው እያንዳንዱ ስም በእጃችሁ መሆኑን ያረጋግጣል። ነጋዴው የዶሜይን ክፍያውን ረስቶ ስሙ ቢዘጋ፣ የዚያ ስም ማረጋገጫ ይወድቃል። አንዱ ሲወድቅ የሰርተፊኬቱ እድሳት በሙሉ ይቆማል። ተማሪ በሚመዘገብበት ሰሞን የትምህርት ቤቱ ገጽ በማያውቀው የጤፍ ነጋዴ ምክንያት ማስጠንቀቂያ ያወጣል።

እኔ የምለው፦ የአንድ ባለቤት ስሞች በአንድ ሰርተፊኬት፣ የሌላው በሌላ። ዛሬ አንድ ሰርቨር በአንድ አይፒ አድራሻ (ሰርቨሩ በኢንተርኔት ላይ የሚታወቅበት ቁጥር) ብዙ ሰርተፊኬቶችን ማስተናገድ ስለሚችል ባለቤቶችን ለማደባለቅ ምንም ምክንያት የለም።

አወጣጡ

ከውጭ ኩባንያ ለመግዛት የውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ያስፈልጋል። ለአብዛኛው ሥራ ግን መግዛት አያስፈልግም። ሌትስ ኢንክሪፕት እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በነጻ ይሰጣል፤ በነጻ የተገኘ ሰርተፊኬት ምስጠራው ከተከፈለበት አያንስም።

የጋራ ሆስቲንግ (ከሌሎች ጋር የምትጋሩት ሰርቨር) ላይ ካላችሁና የማስተዳደሪያ ገጹ ሲፓነል ከሆነ ሥራው አጭር ነው። ‹ኤስኤስኤል/ቲኤልኤስ ስታተስ› የሚለውን ከፍታችሁ ስሞቹን ምረጡና ‹ራን አውቶኤስኤስኤል› የሚለውን ተጫኑ።

የራሳችሁ ሰርቨር ከሆነ በመጀመሪያ ዲኤንኤሱን (ስምን ከሰርቨር አይፒ ጋር የሚያገናኘውን ሥርዓት) ፈትሹ። የእያንዳንዱ ስም ‹ኤ› መዝገብ ወደ ሰርቨራችሁ አይፒ መምራት አለበት። አዲሱ የአይፒ ዓይነት የሆነው የአይፒቪ6 መዝገብም ካለ እዩት። አሮጌ አድራሻ ላይ የቀረ ከሆነ ማረጋገጫው ወደዚያ ሄዶ ሊወድቅባችሁ ይችላል። ማረጋገጫው የሚገባበት የሰርቨሩ በር፣ ፖርት 80፣ ክፍት ይሁን።

ከዚያ ሰርተፊኬት የሚያወጣውንና የሚያድሰውን ሰርትቦት የሚባለውን ፕሮግራም ጫኑ። ገጾቻችሁን የሚያቀርበው ፕሮግራም ኤንጂንኤክስ ወይም አፓቺ መሆኑን ትነግሩትና ስሞቹን ትሰጡታላችሁ፤ ከእያንዳንዱ ስም በፊት ሰረዝና ‹ዲ› ፊደል ይገባል። መጀመሪያ ‹ሰርትኦንሊ› ከሚለው ንዑስ ትዕዛዝ ጋር ‹ድራይ ራን› በሚለው የሙከራ አማራጭ ሞክሩ። በችኮላ እውነተኛውን ትዕዛዝ ደጋግማችሁ ብትሞክሩና በአንድ ስም በሰዓት ውስጥ 5 ጊዜ ቢወድቅ ለጊዜው ትታገዳላችሁ። ሙከራው ካለፈ ያንኑ ትዕዛዝ ያለ ‹ሰርትኦንሊ›ና ያለ ‹ድራይ ራን› አስኪዱ።

ባለ ኮከቡን የምትፈልጉ ከሆነ ማረጋገጫው በዲኤንኤስ ብቻ ነው። የሚሰጣችሁን ‹ቲኤክስቲ› የሚባል የዲኤንኤስ መዝገብ ዶሜይኑ በሚተዳደርበት ገጽ ላይ ትጨምራላችሁ። ይህን በእጅ መሥራት በየእድሳቱ ይደገማል። ስለዚህ ዲኤንኤሱን በኤፒአይ (ፕሮግራም ራሱ በሚያዝበት መንገድ) ማዘዝ የሚያስችል አገልግሎት ብትመርጡ ከድካም ትድናላችሁ።

ሲያልቅ እያንዳንዱን ስም በስልካችሁ ክፈቱ፤ ሦስቱ ደብሊው ያለበትንም የሌለበትንም።

እድሳቱን ለማስታወስ አትተዉት

የሌትስ ኢንክሪፕት ሰርተፊኬት የተለመደው ዕድሜ 90 ቀን ነው። ሰርትቦት 30 ቀን ገደማ ሲቀረው ራሱ ያድሰዋል፤ መደበኛው አጫጫን በቀን ሁለት ጊዜ ይፈትሻል። ሰርቨራችሁ ቢሮ ውስጥ ከሆነና መብራት ቢጠፋ፣ መብራቱ ሲመለስ በሚቀጥለው ፍተሻ ይደርስበታል። ለሰርተፊኬት የሚፈቀደው ዕድሜ ግን እያጠረ ነው። የዘርፉ ማኅበር ባጸደቀው መሠረት ማንኛውም የድረ-ገጽ ሰርተፊኬት እ.ኤ.አ. ከማርች 15 ቀን 2026 ጀምሮ ከ200 ቀን፣ ከማርች 15 ቀን 2029 ጀምሮ ደግሞ ከ47 ቀን አይበልጥም። በእጅ ማደስ የሚያዋጣበት ጊዜ አለፈ። ሌትስ ኢንክሪፕት ይልክ የነበረውን የማስታወሻ ኢሜይልም እ.ኤ.አ. በ2025 አቁሟል።

አንድ ነገር አጥብቃችሁ ተመልከቱ። ፋይሉ ታድሶ ሳለ ሰርቨሩ አሮጌውን ማሳየቱን ሊቀጥል ይችላል፤ ኤንጂንኤክስ ወይም አፓቺ አዲሱን እንዲያነብ ‹ሪሎድ› መደረግ አለበትና። ከእድሳት በኋላ ይህ በራሱ እንዲሆን አዘጋጁት፤ ከዚያም የማብቂያ ቀኑን በብሮውዘር አረጋግጡ።

አዲስ ዶሜይን ስትጨምሩ ‹ኤክስፓንድ› በሚለው አማራጭ አሮጌዎቹንም አዲሱንም ስሞች በሙሉ ጻፉ። የምትተዉት ዶሜይን ካለ ደግሞ ምዝገባው ከማብቃቱ በፊት ከሰርተፊኬቱ አውጡት።