ከመኪና ወርዳችሁ የሥዕል ሙዚየም ስትገቡ

በመኪና ረጅም ጉዞ ስንወጣ ባለቤቴ ይነዳል፤ የት እንደምንቆም የምመርጠው ደግሞ እኔ ነኝ። መንገዳችን ላይ የሥዕል ሙዚየም ካለ አላልፈውም።

መጀመሪያ ሰዓቱን አስተካክሉ። አንድ ጊዜ ቀኑን ሙሉ ስንነዳ ውለን፣ ሙዚየሙ ሊዘጋ አንድ ሰዓት ሲቀረው ደረስን። እግራችን ደንዝዟል፣ ልጃችን ደክሟታል። አዳራሾቹን በሩጫ አዳረስናቸው። ማታ ምን እንዳየን ስንጠያየቅ ግን አንዳችንም አንድ ሥዕል በወጉ መግለጽ አልቻልንም። በጣም አዘንኩ። ከዚያ ወዲህ ከተማው ውስጥ አድረን፣ ጠዋት በሩ ሲከፈት ነው የምንገባው። የሚዘጋበትን ቀንም ቀድማችሁ እዩ። ብዙ ሙዚየሞች ሰኞ ይዘጋሉ፤ የፓሪሱ ሉቭር ግን የሚዘጋው ማክሰኞ ነው።

መኪናውን በተመለከተ፣ ፖርቶመጋላ ላይ ጓዝ ከጫናችሁ ከፍታውን ከነጓዙ ለኩት። ምድር ቤት ያሉ ፓርኪንጎች የከፍታ ገደብ አላቸው። የሚታይ ዕቃ ካለ ፓርኪንግ ከመድረሳችሁ በፊት ወደ ኋላ ኮፈን አስገቡት፤ እዚያው ስትደብቁ የሚያይ አይጠፋም።

ትልቅ ቦርሳ ብዙ ጊዜ በር ላይ ያስቀምጡባችኋል። ትንሽ ቦርሳና ሹራብ ያዙ። ሥዕል የሙቀትና የእርጥበት መለዋወጥ ስለሚጎዳው ክፍሎቹ ቀዝቀዝ ያሉ ናቸው፤ ከጋለ መኪና ለወጣ ሰው ቅዝቃዜው ይሰማል። በወረቀት ላይ የተሠሩ ሥዕሎች ያሉበት ክፍል ደግሞ ደብዘዝ ያለ ነው። ብርሃን ቀለሙን ስለሚያደበዝዝ መብራቱን 50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) አካባቢ ያደርጉታል። ሲነዳ ፀሐይ ዓይኑን ስትወጋው የቆየ ሰው እዚያ ሲገባ ምንም ላይታየው ይችላል። አትቸኩሉ፤ ጥቂት ደቂቃ ቁሙ። መስመሮቹ ቀስ በቀስ ብቅ ይላሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሁሉንም ለማየት አትሞክሩ። ሦስት ሥዕል ምረጡና ለእያንዳንዱ አሥር ደቂቃ ስጡት። መጀመሪያ ከሩቅ፣ ቀጥሎ ከቅርብ፣ መግለጫውን በመጨረሻ። ብርሃኑ ከየት ነው የሚመጣው? ማን ወደ ማን ያያል? ልጄ ሁልጊዜ እጆችን ነው የምትፈልገው፤ እሷን እየተከተልኩ እኔም ብዙ አይቻለሁ።

ሰው የተሰበሰበበት ሥዕል ብቻ አይሳባችሁ። ሉቭር ውስጥ ሞና ሊዛ ፊት ሁሉም ይጋፋል። ሥዕሏ 77 በ53 ሴንቲሜትር ብቻ ናት። ከእሷ ትይዩ ያለው ግድግዳ ላይ እ.ኤ.አ. በ1563 የተጠናቀቀው የጣሊያናዊው ሠዓሊ የቬሮኔዜ «የቃና ሠርግ» ተሰቅሏል፤ ስፋቱ ወደ 10 ሜትር ይጠጋል። ሕዝቡ ግን ጀርባውን ሰጥቶታል። እባካችሁ ዞር በሉና እዩት።

መግለጫውን መጨረሻ ላይ አንብቡ ያልኩት ዓይናችሁ ቀድሞ እንዲሠራ ነው። አምስተርዳም ያለውን የሠዓሊው የሬምብራንት «የሌሊት ዘብ» እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1642 ነው የተሣለው። እ.ኤ.አ. በ1715 ወደ ከተማው ማዘጋጃ ሲወሰድ ግድግዳው ላይ እንዲገባ ብለው ጠርዞቹን ቆረጡት። በተለይ የግራው ብዙ ስለተቆረጠ፣ ከመሃል ወደ ቀኝ ፈቀቅ ብለው የነበሩት ሥዕሉ ላይ ያሉት ሁለቱ የዘቡ አዛዦች ዛሬ መሃል ላይ ናቸው። መጀመሪያ ራሳችሁ አይታችሁት ከሆነ፣ ይህን ስትሰሙ ሥዕሉ እንደገና ይከፈትላችኋል።

ስትወጡ ወዲያው ሞተር አታስነሱ። ቀስ እያሉ መራመድና መቆም ከምታስቡት በላይ ያደክማል፤ የሚነዳው ሰው ግማሽ ሰዓት ይረፍ።

ከዚያ መንገድ ላይ ስልክ ሳትነኩ፣ እያንዳንዳችሁ አንድ ሥዕል በቃል ግለጹ። እኛ ቤት ልጄ ትጀምራለች፣ አባቷ ያርማታል፣ እኔ ደግሞ የገዛሁትን ፖስትካርድ አውጥቼ እዳኛቸዋለሁ። ባለፈው ቀይ ነው ብለን ሦስታችንም የተስማማንበት ልብስ አረንጓዴ ሆኖ ተገኘ።